የኪራይ ቤት በብድር ለሚገዙ፦ የመጠባበቂያ ገንዘብን የማስላት፣ የማስቀመጥና የመጠበቅ ዝርዝር መመሪያ

የኪራይ ቤት በብድር የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁጥሮችን አጥብቆ ይይዛል፤ አንዱ ቅድመ ክፍያው ነው፣ ሌላው በየወሩ የሚገባው ኪራይ ነው። ሦስተኛው ቁጥር፣ ማለትም ውሉ ተፈርሞ ቁልፉ ከተረከበ በኋላ በባንክ የሚቀረው ጥሬ ገንዘብ፣ «ከተረፈ» ተብሎ ይታለፋል። የዚህ መመሪያ አቋም ግን መጠባበቂያው የቤቱ ዋጋ አካል ነው የሚል ነው። ስለዚህ ከቅድመ ክፍያው በፊት መሰላት አለበት፤ ቅድመ ክፍያውን እንጂ መጠባበቂያውን መሸፈን የማይችል ገዢም ያንን ቤት ለመግዛት አቅሙ ገና አልደረሰም።

ምክንያቱም ብድር ያለበት ቤት ዋጋው ስለወረደ ብቻ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። የሚወጣው ዕዳው በሚከፈልበት ቀን የሚከፈል ገንዘብ ሲጠፋ ነው። ቤት ሀብት ቢሆንም ከመኝታ ክፍሎቹ አንዱን ሸጦ የወሩን ዕዳ መክፈል አይቻልም፤ ሁሉንም ለመሸጥ ደግሞ ወራት ይፈልጋል፣ በችኮላ የሚሸጥ ሰውም ዋጋውን የሚወስነው ገዢው ነው። መጠባበቂያ ገንዘብ የሚገዛው እነዚያን ወራት ነው።

ስሌቱ ለማንኛውም ገንዘብ እንዲሠራ የቤቱን የወር ኪራይ 100 ብለን እንነሳ፤ ሌሎቹ ቁጥሮች ሁሉ ከዚህ አንጻር ይነበቡ። የቤቱ ዋጋ 12,000 ነው። ገዢው 25 በመቶውን፣ ማለትም 3,000፣ ከራሱ ከፍሎ 9,000 ይበደራል። ብድሩ በ30 ዓመት የሚከፈልና ወለዱ 6.7 በመቶ ስለሆነ ወርሃዊ ክፍያው፣ ዋናውንና ወለዱን ጨምሮ፣ 58 ይሆናል።

አንደኛ ደረጃ፦ የባዶ ወር ወጪን ማውጣት

ብዙ ሰው መጠባበቂያውን የሚያሰላው በብድር ክፍያው ብቻ ነው። ይህ ስህተት ነው፤ ቤቱ ተከራይ ባይኖረውም ግብር፣ ኢንሹራንስና የሕንፃው የጋራ መዋጮ አይቆሙም። በምሳሌያችን የብድር ክፍያው 58፣ ግብርና ኢንሹራንስ በወር ሲካፈሉ 14፣ የጋራ መዋጮው 6፣ ባለቤቱ የሚከፍለው ውሃና ቆሻሻ ማንሻ 4 ነው፤ ድምሩ 82 ይሆናል። ተከራዩ ሲወጣ ደግሞ እርሱ ይከፍለው የነበረው መብራትና ቤቱን የማስጠበቂያ ወጪ ወደ ባለቤቱ ስለሚመለስ 3 ጨምረን የባዶ ወር ወጪውን 85 እናደርገዋለን። መጠባበቂያው የሚሰላው በዚህ ቁጥር እንጂ በ58 አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ክፍያ ቀን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ግብርና ኢንሹራንስ በዓመት አንድ ጊዜ በጅምላ የሚከፈሉ ከሆነ 14 የተባለው በአንድ ቀን 168 ሆኖ ይመጣል፤ ይህም የሁለት ባዶ ወራት ወጪ ያህል ነው። ስለዚህ ይህ ገንዘብ ከኪራዩ ላይ በየወሩ እየተቀነሰ ለብቻው ይጠራቀም እንጂ በመጠባበቂያው ውስጥ አይቆጠር። ቀኑ የሚታወቅ ወጪ ድንገተኛ አይደለምና።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የወራቱን ቁጥር መወሰን

ሦስት ወር ይበቃል የሚለው ምክር በሰፊው ይነገራል። ቁጥሩን በአንድ ተራ የተከራይ ለውጥ እንፈትነው። ተከራዩ በሰላም ወጣ እንበል፤ ቤቱን ቀለም ለመቀባትና ለማጽዳት 40 ወጣ፤ አዲስ ተከራይ እስኪገኝ ሁለት ወር አለፈና 170 ተከፈለ፤ ተከራይ ላመጣው ደላላ የአንድ ወር ኪራይ፣ 100፣ ተሰጠ። ድምሩ 310 ነው። የሦስት ወር መጠባበቂያ 255 ብቻ ስለሆነ ምንም ክፉ ነገር ሳይደርስ፣ አንድ ተከራይ ስለተለወጠ ብቻ፣ አልቆ ዕዳ ውስጥ ይከታል። የስድስት ወሩ 510 ግን ይህን ከፍሎ ሌላ ለሚመጣ 200 ያተርፋል። ስድስት ወርን እንደ ዝቅተኛ መነሻ እንድወስድ ያደረገኝ ይህ ስሌት ነው።

ከስድስት በላይ መሄድ የሚገባው መቼ ነው? ከባዶ ቤት ይልቅ የሚከብደው ኪራይ የማይከፍል ተከራይ ያለበት ቤት ነው፤ ባዶውን ቤት ማከራየት ይቻላል፣ ይህኛውን ግን ጉዳዩ በሕግ እስኪያልቅ ድረስ ማከራየትም ማደስም አይቻልም። ስለዚህ ቤቱ ባለበት አካባቢ ተከራይን በፍርድ ለማስወጣት በተለምዶ ስንት ወር እንደሚወስድ ጠይቀው ይወቁ፤ ያ ጊዜ፣ ቤቱን አድሶ እንደገና ለማከራየት ከሚያስፈልገው ሁለት ወር ጋር ተደምሮ፣ የእርስዎ እውነተኛ የወራት ቁጥር ነው። ሕጉ ራሱ ሊለወጥ እንደሚችልም መታወስ አለበት። በአሜሪካ የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2020 ጀምሮ እስከ ነሐሴ 2021 ድረስ፣ መክፈል ያልቻሉ ተከራዮችን ማስወጣት በፌዴራል ትእዛዝ ታግዶ ነበር። ትእዛዙ ለተከራዮች አስፈላጊ ጥበቃ ነበር፤ ሆኖም የአከራዩን የብድር ዕዳ አልሰረዘውም።

የራሱ ደመወዝ ጠንካራ የሆነ ገዢ «ጉድለቱን ከደመወዜ እሸፍናለሁ» ይላል። ሐሳቡ መሠረት አለው፤ ነገር ግን ባለቤቱና ተከራዩ በአንድ ከተማ ኢኮኖሚ የሚኖሩ ከሆነ ሥራ የሚያጡበት ወቅት አንድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደመወዝ መጠባበቂያውን ለመተካት ሳይሆን መልሶ ለመሙላት ቢቆጠር ይሻላል። ገቢያቸው ከወር ወር የሚለዋወጥ ነጋዴዎችና የግል ሠራተኞች ዘጠኝ ወር ቢይዙ አይበዛባቸውም።

ሦስተኛ ደረጃ፦ የሚያረጁ ክፍሎችን መቁጠር

ባዶ ወርና የቤት እርጅና የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ በአንድ ቁጥር መሸፈን የለባቸውም። ከመግዛትዎ በፊት ቤቱን ከባለሙያ ጋር ይዙሩና ጣሪያው፣ የውሃ ማሞቂያው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ የቧንቧው መስመርና የማቀዝቀዣው ወይም የማሞቂያው መሣሪያ እያንዳንዳቸው ስንት ዓመት እንዳገለገሉና ስንት እንደሚቀራቸው ይጻፉ።

ብዙ ሰው የሚስተው የመተኪያ ዋጋውን ለክፍሉ ሙሉ ዕድሜ ሲያካፍል ነው። ጣሪያው 20 ዓመት የሚያገለግልና ለመተካት 600 የሚፈጅ ቢሆን በወር 2.5 መቆጠብ ይበቃል የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ይህ ግን ለአዲስ ጣሪያ ብቻ ይሠራል። ጣሪያው 14 ዓመት ካገለገለ የቀረው 72 ወር ስለሆነ በወር ከ8 በላይ መቆጠብ ያስፈልጋል። ዋጋው 60 የሆነና ከ10 ዓመት ዕድሜው 8ቱን የጨረሰ የውሃ ማሞቂያ ሲጨመር የሁለቱ ወርሃዊ ቁጠባ ወደ 11 ይደርሳል። ኪራይ 100 ሲገባ ከ82 ወጪ በኋላ የሚተርፈው 18 ነበር፤ ለጥቃቅን ጥገና 5፣ ለእነዚህ 11 ሲቀነስ በእጅ የሚቀረው 2 ብቻ ነው። 18ቱን እንደ ትርፍ ቆጥሮ ለኑሮው ያዋለ ባለቤት የበላው የጣሪያውን ገንዘብ ነው።

ሌላው መንገድ ያለፈውን እርጅና በግዢው ቀን መሸፈን ነው። ከጣሪያው ዕድሜ 14/20ኛው ስላለፈ 420፣ ከማሞቂያው 8/10ኛው ስላለፈ 48፣ በድምሩ 468 ከመጀመሪያው ወደ መጠባበቂያው ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚቆጠበው በወር 3 ብቻ ሲሆን ከ18ቱ 10 ይተርፋል። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ያለፈው ባለቤት የተጠቀመበትን ዕድሜ በቁጥር ስለሚያሳይ ከሻጩ ጋር ለሚደረገው የዋጋ ድርድርም ጥሩ መነሻ ይሆናል።

አራተኛ ደረጃ፦ ወለድና ኢንሹራንስ

ወለዱ ለሙሉ ዘመኑ ቋሚ ከሆነ ይህን ክፍል በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። ተለዋዋጭ ከሆነ ወይም በብዙ አገሮች እንደተለመደው ቋሚነቱ ለሁለት ወይም ለአምስት ዓመት ብቻ ከሆነ ግን ወለዱ በ2 በመቶ ነጥብ ቢጨምር ክፍያው ስንት እንደሚሆን አስቀድመው ያስሉ። በምሳሌያችን ወለዱ ወደ 8.7 በመቶ ሲወጣ ክፍያው ከ58 ወደ 70 ገደማ ያድጋል፤ ቀደም ሲል ቀረ ያልነው 10 ጠፍቶ በየወሩ 2 ይጎድላል፣ ተከራዩ በወቅቱ እየከፈለም ቢሆን። የ2 ነጥብ ጭማሪ የተጋነነ ግምት አይደለም፤ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የወለድ ተመን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 መጀመሪያ ከ0 እስከ 0.25 በመቶ የነበረ ሲሆን በሐምሌ 2023 ከ5.25 እስከ 5.50 ደርሷል፤ የእንግሊዝ ባንክም ከታኅሣሥ 2021 እስከ ነሐሴ 2023 ባለው ጊዜ ከ0.1 ወደ 5.25 በመቶ አሳድጎታል። ተለዋዋጭ ወለድ ያለው ገዢ የአንድ ዓመቱን ልዩነት፣ 12 ጊዜ 12 ማለትም 144፣ በመጠባበቂያው ላይ ይጨምር።

ከኢንሹራንስ ውሉ የሚፈለገው አንድ ቁጥር ነው፤ ጉዳት ሲደርስ ኩባንያው መክፈል ከመጀመሩ በፊት ባለቤቱ ራሱ የሚሸፍነው መጠን። በምሳሌያችን 120 ነው እንበል። ይህ መጠን ከፍ ባለ ቁጥር ዓመታዊ ክፍያው ይቀንሳል፤ ከፍ ያለውን የሚመርጥ ሰው ግን ልዩነቱን በመጠባበቂያው ውስጥ ማስቀመጥ አለበት።

አምስተኛ ደረጃ፦ ድምሩን ከቅድመ ክፍያው ጋር ማመዛዘን

ቋሚ ወለድ ላለው ቤታችን መጠባበቂያው 510፣ 468 እና 120 ተደምሮ 1,098 ይሆናል። የውል፣ የስም ማዛወሪያና የባንክ ወጪዎች የዋጋው 3 በመቶ ወይም 360 ቢሆኑ፣ ይህን ቤት ለመግዛት የሚያስፈልገው ገንዘብ 3,360 ሳይሆን 4,458 ነው።

አሁን በእጁ 4,000 ያለውን ገዢ እናስብ። ከከፈለ በኋላ የሚቀረው 640 ከሰባት ባዶ ወራት በላይ ስለሚሸፍን የተደላደለ ይመስለዋል። ጣሪያው ግን ብቻውን 600 ይፈልጋል። ይህ ሰው ሦስት መንገዶች አሉት። አንደኛው በጣሪያው ምክንያት ዋጋ እንዲቀነስለት መደራደር ነው። ሁለተኛው ቅድመ ክፍያውን ወደ 20 በመቶ ማውረድ ነው፤ ይህ መንገድ ብዙዎችን ስለሚያስደነግጥ ትንሽ ልቆይበት። ቅድመ ክፍያው 2,400 ሲሆን ብድሩ 9,600፣ ወርሃዊ ክፍያው 62፣ የባዶ ወር ወጪው 89 ይሆናል። የስድስት ወሩ 534 ከ468 እና ከ120 ጋር 1,122 ሲሆን፣ በእጁ የሚቀረው 1,240 ስለሆነ ይሸፍነዋል። ዕዳው ጨምሯል፣ ወርሃዊ ትርፉም በ4 ቀንሷል፤ ነገር ግን በችግር ቀን የሚደርስለት ገንዘብ በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። በቅድመ ክፍያ የገባ ገንዘብ በሚቸግርበት ቀን ተመልሶ አይወጣም፤ እንደገና ለመበደር መጠየቅ የሚኖርበትም ያው ባንክ ነው፣ ያውም ገቢው በተቋረጠበት ጊዜ።

ይህ ምክር ወሰን አለው። ቅድመ ክፍያው ሲያንስ አበዳሪው ወለዱን ከፍ ካደረገ ወይም ተጨማሪ የብድር ኢንሹራንስ ከጠየቀ፣ ከኪራዩ ላይ ጥገናና የእርጅና ቁጠባ ተቀንሶ የሚቀረው ባዶ ወይም ጉድለት ከሆነ፣ መጠባበቂያው በየወሩ እየተሸረሸረ ያልቃል እንጂ አይጠብቅም። ያኔ የሚቀረው ሦስተኛው መንገድ፣ ሌላ ቤት መፈለግ ወይም መቆየት፣ ነው።

ስድስተኛ ደረጃ፦ በአበዳሪው ዓይን ማየት

አበዳሪው የሚቆጥረው ግዢው ካለቀ በኋላ የሚቀረውን ገንዘብ ነው። በአሜሪካ የቤት ብድሮችን ከባንኮች የሚገዛው ፋኒ ሜ፣ ለኪራይ ለሚገዛ ቤት ብድሩን፣ ግብሩን፣ ኢንሹራንሱንና የጋራ መዋጮውን ያካተተ የስድስት ወር መጠባበቂያ ይጠይቃል። ተበዳሪው ሌሎች በብድር የተያዙ ቤቶች ካሉት ደግሞ፣ እንደ ቤቶቹ ብዛት፣ ከእነዚያ ቤቶች ቀሪ ዕዳ 2፣ 4 ወይም 6 በመቶ ይጨመርበታል። የሚኖሩበት አገር ባንክ ይህን ባይጠይቅዎትም ሥርዓቱን ለራስዎ ቢወስዱት ይጠቅማል።

የንግድ ብድር የሚሰጡ አበዳሪዎች ሌላ መለኪያ አላቸው፤ ከኪራዩ ላይ የሥራ ማስኬጃ ወጪዎች ተቀንሰው የቀረው ለብድር ክፍያው ሲካፈል ስንት ይሆናል የሚል። በምሳሌያችን ከ100 ኪራይ ለባዶ ጊዜ 5፣ ለግብር፣ ለኢንሹራንስ፣ ለመዋጮና ለውሃ 24፣ ለጥገና 5 ሲቀነስ 66 ይቀራል፤ ለ58 ሲካፈል 1.14 ነው። 1.20 ወይም 1.25 የሚጠይቅ አበዳሪ ይህን ቤት በዚህ ዋጋ አይቀበለውም። ክፍያው 70 ሲሆን ቁጥሩ ወደ 0.94 ይወርዳል፤ ቤቱ ዕዳውን በራሱ መክፈል አቆመ ማለት ነው። ቁጥሩ ለ1 በቀረበ መጠን የመጠባበቂያው ወራት መጨመር አለባቸው።

በተጨማሪም ከብድር ማመልከቻው በፊት ባሉት ወራት ወደ ሂሳብዎ የገባ ትልቅ ገንዘብ ከየት እንደመጣ ስለሚጠየቅ፣ መጠባበቂያውን ቀደም ብለው ሰብስበው ማስረጃውን ይያዙ።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ገንዘቡን የት ማስቀመጥ

መጠባበቂያው ከግል ወጪዎ ሂሳብ በተለየ ሂሳብ ይቀመጥ። የሦስት ወሩ ወጪ በማንኛውም ቀን በሚወጣ የቁጠባ ሂሳብ፣ የቀረው በተለያየ ጊዜ በሚደርሱ የጊዜ ገደብ ተቀማጮች ቢከፋፈል በየሦስት ወሩ አንዱ ክፍል ነጻ ይሆናል። አክሲዮን፣ ወርቅና ለዘመድ የተሰጠ ብድር በዚህ ውስጥ አይቆጠሩም፤ ዋጋቸው የሚወድቀው ወይም የማይመለሱት ብዙ ጊዜ ገንዘቡ በሚፈለግበት ወቅት ነው። ዕዳው በአንድ ገንዘብ ሆኖ መጠባበቂያው በሌላ አገር ገንዘብ ከተቀመጠም ምንዛሪው ሌላ ስጋት ይሆናል።

በአውስትራሊያና በብሪታንያ አንዳንድ ባንኮች ከብድሩ ጋር የተጣመረ ሂሳብ ይሰጣሉ፤ በሂሳቡ ያለው ገንዘብ ከዕዳው ላይ ተቀንሶ ወለድ ስለሚሰላ፣ መጠባበቂያው ሳይነካ ወለድ ይቀንሳል። ይህ አገልግሎት ካለ ዕዳን አስቀድሞ ከመክፈል ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ።

ሁለት ነገሮች መጠባበቂያ ይመስላሉ፣ ግን አይደሉም። አንደኛው ተከራዩ ያስያዘው ገንዘብ ነው፤ የተከራዩ ንብረት ነው፣ በብዙ አገሮችም በተለየ ሂሳብ እንዲቀመጥ ሕግ ያስገድዳል። ሁለተኛው ባንኩ የፈቀደው፣ ገና ያልወጣ የብድር ጣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የፋይናንስ ቀውስ ጊዜ በአሜሪካ ባንኮች በቤት ዋስትና የፈቀዷቸውን እንዲህ ያሉ ብድሮች ቀንሰዋል፣ አግደዋልም፤ በእርሱ የተማመኑ ባለቤቶች ያጡት በፈለጉት ሰዓት ነበር።

ስምንተኛ ደረጃ፦ የመውሰድና የመመለስ ደንብ መጻፍ

ከመጠባበቂያው ገንዘብ የሚወጣባቸውን ምክንያቶች በጽሑፍ ይወስኑ፤ ባዶ ወር፣ ያልተከፈለ ኪራይ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ያለ ክፍል መተካት፣ ኢንሹራንስ የማይሸፍነው ጉዳት። ቤቱን ማሳመር፣ ሌላ ቤት ለመግዛት ቀብድ መክፈልና የቤተሰብ ድግስ በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ገንዘብ ከወጣ በኋላ መጠኑ እስኪሞላ ድረስ ከኪራዩ የሚተርፈው ሁሉ ወደዚያው ይመለሳል። ስሌቱም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ ኢንሹራንሱ በሚታደስበት ሳምንት፣ እንደገና ይሠራ፤ ግብር፣ መዋጮና የግንባታ ዋጋ ሲጨምሩ የዛሬ ሦስት ዓመት ስድስት ወር የነበረው ገንዘብ ዛሬ አራት ወር ተኩል ሊሆን ይችላል።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ ሁለተኛውን ቤት ሲገዙ

የመጀመሪያው ቤት መጠባበቂያ ለሁለተኛው ቅድመ ክፍያ አይሆንም። ቤቶቹ በተለያየ አካባቢ የሚገኙና ተከራዮቻቸው በተለያየ ሥራ የሚተዳደሩ ከሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ ባዶ የመሆን ዕድላቸው አነስተኛ ስለሆነ፣ ከሦስተኛው ቤት ጀምሮ ለእያንዳንዱ አራት ወር መያዝ ምክንያታዊ ይሆናል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ወይም የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች የተከራዩዋቸው ከሆኑ ግን እንደ አንድ ቤት ስለሚወድቁ ቅናሽ አይደረግም።

አሥረኛ ደረጃ፦ ገንዘቡ እየሳሳ ሲሄድ

መጠባበቂያው ወደ አራት ወር ሲወርድ ኪራዩን ይመርምሩ። ኪራዩን ከ100 ወደ 95 ማውረድ በዓመት 60 ያሳጣል፤ አንድ ተጨማሪ ባዶ ወር ግን 100 ያሳጣል። በዋጋ ጸንቶ ሁለት ወር ከመጠበቅ በ95 ዛሬ ማከራየት ይሻላል። ሦስት ወር ሲቀር፣ አንድም ክፍያ ሳያልፍ፣ አበዳሪውን በጽሑፍ ያነጋግሩ፤ ለተወሰነ ጊዜ ወለዱን ብቻ ለመክፈል ወይም የብድሩን ዘመን ለማራዘም የሚደረግ ጥያቄ ውዝፍ ከሌለበት ተበዳሪ ሲመጣ በተሻለ ይደመጣል። አበዳሪው እምቢ ካለና ቤቱ ዕዳውን የሚሸከም ካልሆነ፣ ለሽያጭ የሚቀርበው በዚያው ሳምንት ነው፤ ገዢ እስኪገኝና ስም እስኪዛወር ድረስ ወርሃዊው 85 ከዚያው ሂሳብ መከፈሉን ስለሚቀጥል የቀረው 255 ለዚህ ይያዛል።